የ15 ዓመት ልጅ ክለብ ትግባ ወይስ ትምህርቷን ትጨርስ?

የጣና ዳሯ፦ ስሟን መጥራት አያስፈልግም። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ 15 ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚህ ባሕር ዳር ከወንዶቹ ጋር እግር ኳስ ትጫወታለች። የዩኒፎርም ቀሚሷን ከቁምጣዋ በላይ እንደለበሰች ትገባለች፤ ሰዓት ሲደርስ ቦርሳዋን ከግንቡ ላይ አንስታ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። አሁን አዲስ አበባ ያለ የሴቶች ክለብ ፈልጓታል። እናቷ አይሆንም ብላለች። እኔ ትሂድ ባይ ነኝ።

ሻፋሊ ቨርማን እዩ። ህንዳዊት የክሪኬት ተጫዋች ናት፣ ያ በዱላ ኳስ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ። ሮህታክ በሚባል ከተማ ሴት አናሰለጥንም ሲሉ አባቷ ፀጉሯን እንደ ወንድ አስቆርጦ አስገባት። እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ15 ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈች። ሁለት ወር ሳይሞላ በካሪቢያን ደሴቶች ቡድን በዌስት ኢንዲስ ላይ 73 ነጥብ አስቆጥራ የታዋቂውን ህንዳዊ ተጫዋች የሳቺን ቴንዱልካርን ሪከርድ ሰበረች። በዓለም አቀፍ ጨዋታ በልጅነቱ 50 በማለፍ ከህንዶች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነበር። አባቷ "መጀመሪያ 12ኛን ጨርሺ" ቢላት ኖሮስ?

መምህር ከፔዳ፦ እህቴ፣ የተሳካላትን አንዷን ጠራሽልን። ያልተሳካላቸውንስ ማን ይጥራቸው? ደግሞ የሻፋሊን ታሪክ ግማሹን ነው የነገርሽን። መጋቢት 2020 ሜልቦርን ላይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ 86,174 ሰው። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። ገና ጨዋታው እንደተጀመረ የአውስትራሊያዋ አሊሳ ሂሊ የመታቻት ኳስ በአየር መጣላት፣ ብትይዛት ሂሊ በ9 ነጥብ ትወጣ ነበር፣ አመለጠቻት። ሂሊ 75 አስቆጠረች። ሻፋሊ ተራዋ ሲደርስ በ2 ነጥብ ወጣች፣ ህንድ በ85 ልዩነት ተሸነፈች፣ ልጅቷ ሜዳ ላይ ስታለቅስ ዓለም አየ። ይሄንን ሸክም ለ16 ዓመት ልጅ የምታሸክሙት ለምንድነው? እኔ ክፍል ውስጥ የማያቸው ልጆች በፈተና ውጤት እንኳ እንቅልፍ ያጣሉ።

የድሮ አጥቂ፦ እኔ ከዚሁ ከባሕር ዳር ነው የሄድኩት፣ በዚያው እድሜ። ክለቡን አልጠራም። ጥሩ ነበር፣ ውሸት አልናገርም፤ ምግቡ፣ ልምምዱ፣ ማሊያው ላይ ስሜን ሳየው። ጉልበቴ ሲበጠስ ግን ማሳከሚያ የሚለው ነገር ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት ወንድሜ ወስዶ ጠበቃ ሲያስነብበው ስለ ጉዳት አንድ መስመር የለውም። አውቶቡስ ተሳፍሬ መጣሁ። ትምህርት ቤት ስመለስ አብረውኝ የሚማሩት የታናሽ እህቴ ጓደኞች ነበሩ። ስለዚህ ትሂድ አትሂድ ከማለታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡት። እናትየዋ ልጇን ስለማትወድ አይደለም እምቢ ያለችው።

ጊዮን፦ እድሜውን በተመለከተ ሕግ አለ እኮ። የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ራሱ በ2020 ከ15 ዓመት በታች ያለ ለብሔራዊ ቡድን እንዳይሰለፍ ደንግጓል፣ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር። የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ከ15 በታች መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን "ወጣት ሠራተኛ" ይለዋል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 አይሠራም፣ በሳምንት እረፍት ቀንም አይሠራም። ታዲያ ሊጉ ቅዳሜና እሁድ ሲጫወት ይቺ ልጅ ምንድን ናት? ተማሪ ወይስ ሠራተኛ? ይሄን የሚመልስልኝ የክለብ ሰው ካለ ይምጣ።

የጣና ዳሯ፦ መምህር፣ እርስዎም ግማሹን ነው የነገሩን። ሻፋሊ በ2023 የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋለች፤ እየተጫወተች። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከ19 ዓመት በታች ቡድኑን በአምበልነት መርታ የዓለም ዋንጫ ወስዳለች። ሜልቦርን ላይ ያለቀሰችው ልጅ ማለት ነው! በ2024 መጨረሻ በአንድ ቀን የሚያልቀውን የክሪኬት ዓይነት ከሚጫወተው ብሔራዊ ቡድን ቀነሷት፣ ወደ ክልሏ ሀርያና ተመልሳ ተጫወተች። በ2025ቱ የዓለም ዋንጫ ሌላዋ ተጫዋች ስትጎዳ ተጠራች፣ ፍጻሜው ላይ 87 ነጥብ አስቆጥራ፣ ሁለት ተጋጣሚ አስወጥታ፣ የጨዋታው ኮከብ ሆነች። ህንድ ደቡብ አፍሪካን በ52 አሸንፋ ዋንጫውን በላች። ስትቀነስ የምትመለስበት ሜዳ ነበራት፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። የእኛዋ ብትቀነስ የት ትመለሳለች?

የድሮ አጥቂ እንዳለችው ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፦ ትምህርቷን እዚያው እንድትቀጥል፣ ብትጎዳ ማን እንደሚያሳክማት፣ የት እንደምታድር፣ ከማን ጋር። ይሄ ካለ ግን አትያዝ። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 18 ዓመቷ ነበር። ያ ወርቅ በ18 ዓመት አልተጀመረም። እዚህ ከወንዶቹ ጋር እየተጋፋች ትምህርቷን እስክትጨርስ ትጠብቅ ማለት ቀስ ብሎ አይሆንም ማለት ነው።

ቀበሌ 14፦ ልጅቷን የጠየቃት አለ? ሁላችንም ስለሷ ነው የምናወራው።

የጣና ዳሯ፦ ጠይቄያታለሁ። "መሄድ እፈልጋለሁ፣ ግን እናቴ ስታለቅስ አልሄድም" ነው ያለችኝ።

መምህር ከፔዳ፦ እንግዲያው ወረቀቱ ይምጣ፣ እኔው ራሴ ከእናትየዋ ጋር ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። የ12ኛ ብሔራዊ ፈተና ቀናት ይወስዳል። ክለቡ በዚያ ሳምንት ጨዋታ ቢኖረውም እንደሚለቃት ይጻፍ፣ በማኅተም። ያን ካልጻፉ እኔ ከእናትየዋ ጋር ነኝ።