የዕቅድ ውይይት፦ ፓዶቹንና ሞጁሉን በሚዲ ስለ ማገናኘት

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን ለቦርዱ የሚያስገባው የግዢ ሐሳብ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ረቂቁ «አዲስ ሞጁል ይገዛልን» ይላል፤ የኤሌክትሮኒክ ድራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን ማለት ነው። እስቲ ተቹት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሞጁል እኮ አለን! ሲመታ የተጫነለትን ድምፅ የሚያወጣው ሳምፕል ፓድም ሁለት አለን። እኔ ባልጠይቅ ቦርዱ ይጠይቃል።

ድራመር፦ አብረው አይሠሩማ። ባለፈው ልምምድ ፓዱንና ሞጁሉን በዩኤስቢ አገናኘኋቸው፤ ጭጭ አሉ።

ሳውንድማን፦ ጭጭ ይላሉ ወንድሜ። የሁለቱም ዩኤስቢ ኮምፒውተር ነው የሚጠብቀው። መሃል ላይ ላፕቶፕ ከሌለ አይተዋወቁም። ከኋላ ያለውን ክብ፣ ባለ 5 ፒኑን የሚዲ መሰኪያ ተጠቀም፤ ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበት ቋንቋ ነው። ከፓዱ አውት (መውጫ) ወደ ሞጁሉ ኢን (መግቢያ)። አውት ከአውት ከሰካህ እስኪነጋ ብትደበድበው ድምፅ የለም።

ደግሞ ረቂቁ ላይ «ድምፁ በሚዲ ገመድ ያልፋል» የሚለው ይውጣ። የሚያልፈው መልእክት ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ቁጥር አለው፤ መልእክቱ የትኛው ቁጥር ተመታ፣ በምን ያህል ጉልበት የሚል ነው። ጉልበቱ ከ1 እስከ 127 ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ኦክታፓድ፣ የሮላንድ ኩባንያ ፓድ፣ የራሱ ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ መልእክት ላኪ ብቻ ነበር።

ጸሐፊ፦ አስተካክያለሁ። የድራሙ የጎማ ፓዶችስ?

ሳውንድማን፦ እነሱ ሚዲ አይደሉም እቱ። በጃክ ሞጁሉ ውስጥ ይገባሉ፤ ወደ ሚዲ የሚለውጠው ሞጁሉ ነው።

ድራመር፦ ባለ 5 ፒኑን አሁን ሞከርኩት። ሠራ! ግን ጉድ አለው። በፓዱ የከበሮውን ጠባብ አፍ ስመታ ከሞጁሉ ካውቤል (የቃጭል ድምፅ) አብሮ ይጮሃል። ችክችካ ላይ አስቡት።

ሳውንድማን፦ ያ ፓድ 56 ቁጥርን እየላከ ነው። በጄኔራል ሚዲ፣ ማለትም በጋራው የድምፅ ቁጥር ዝርዝር፣ 56 ካውቤል ነው። ሚዲ መልእክቱን በ16 ቻናሎች (መስመሮች) ለይቶ ይልካል፤ ከበሮው በቻናል 11 ይሂድ፣ ሞጁሉ ቻናል 10ን ብቻ ይስማ። ለድራሙ ደግሞ ኪክ (በእግር የሚመታው) ቁጥር 36፣ ስኔር (በእጅ የሚመታው ጩኸታሙ) ቁጥር 38 ይሁንና ወረቀት ላይ ጽፈን እንለጥፈው። ሁሉም በየቤቱ ቁጥር እየቀያየረ ከመጣ ማንም ማንንም ተክቶ መምታት አይችልም። እኔን ብትጠይቁኝ ከገመዱ በላይ ወረቀቱ ይጠቅመናል።

ድራመር፦ ሁለቱንም ፓድ አንድ ኢን ውስጥ ብናስገባስ? ዋይ ገመድ አለኝ።

ሳውንድማን፦ ዋይ አይሆንም፤ መልእክቶቹ ይደባለቁና ሞጁሉ ግራ ይገባዋል። የሁለቱን መልእክት ሳያደበላልቅ ወደ አንድ ገመድ የሚያስገባ፣ መርጀር የሚባል ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ ይነበብ፦ «አዲስ ሞጁል አንጠይቅም። አንድ ሚዲ መርጀርና እያንዳንዳቸው 5 ሜትር የሆኑ 4 የሚዲ ገመዶች ይገዙልን። የቁጥርና የቻናል ዝርዝሩን ማኅበሩ አዘጋጅቶ መለማመጃው ክፍል ይለጥፋል።»

ገንዘብ ያዥ፦ ገመዱ ለምን 4?

ሳውንድማን፦ ከፓዶቹ ወደ መርጀሩ 2፣ ከመርጀሩ ወደ ሞጁሉ 1፣ አንድ መጠባበቂያ።

ገንዘብ ያዥ፦ ተስማምቻለሁ። ገመዶቹ ላይ ግን በቀይ ፕላስተር ምልክት ይደረግ። አምና «ለአንድ ማታ» ተብለው የወጡት ሁለቱ እስካሁን አልተመለሱም።