ለድሬ የቤት መዋኛ ገንዳ የትኛው ፓምፕ፣ ስንት ሰዓት? (ጥቆማ)

ወንድሜ፣ ሳቢያን ግቢህ ውስጥ ላሠራኸው ገንዳ ፓምፑ ስንት ሰዓት ይሥራ ላልከው፦ የገንዳውን ውሃ ፓምፑ በሰዓት ለሚገፋው አካፍለው። 40 ሜትር ኩብ ውሃ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ በሚገፋ ፓምፕ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይሄ አንድ ዙር ነው። ሐረር ብትሆን በአንድ ዙር ታልፈው ነበር። በድሬ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ግን ሁለት ዙር ካልሠራ ውሃው አረንጓዴ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም።

ብዙ ሰው ሌሊት ያስነሳዋል፤ እኔ አልስማማም። ክሎሪንን የሚበላው ፀሐይ ነው፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም የሚያድገው ቀን ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሥራ። ክሎሪኑን 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ በረድ ስትል ጨምር፤ ፓምፑ እስኪቆም ያዳርሰዋል።

ታይመር ስትገዛ የሚሽከረከረውን ተወው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይቆማል፤ መብራቱ ሦስት ሰዓት ከጠፋ እሱም ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ እንዲህ እያለ ሳታውቀው ፓምፑ ሌሊት መነሳት ይጀምራል። ባትሪ ያለውን ዲጂታል ውሰድ።

ወደ ፓምፑ ስንመጣ፣ ፍጥነቱ የሚቀያየረው በግማሽ ሲሠራ የሚገፋው ውሃ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚበላው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ሁለት እጥፍ ሰዓት ቢሠራ እንኳ ካርድህን አይጨርስም። ያም ሆኖ ለአንተ ገንዳ የምመርጠው ባለ አንድ ፍጥነቱን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ያኛው ኤሌክትሮኒክሱ በቀላሉ ይጎዳል፤ ይሄኛው ግን ቢቃጠልም እዚሁ ከተማ ዲናሞ የሚጠቀልሉ አሉ። ለሁለቱም የቮልቴጅ መከላከያ አይቅር። የሮቶ ፓምፕ ይበቃሃል የሚልህን ሻጭ ደግሞ አትስማው፤ ቅጠልና ፀጉር የሚይዝ ወንፊት የለውም።

የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው የክሎሪን ዱቄት በዚያ ላይ ሌላ ካልሲየም ይጨምርበታል። ፈሳሹ አይጨምርም፤ ሙቀት ግን ቶሎ ያደክመዋልና በትንሽ በትንሹ ገዝተህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው።

ሠራተኛ ስትፈልግ፣ ቧንቧ ሠሪ ሁሉ ገንዳ አያውቅም። ገንዳ ባላቸው ሆቴሎች የሚሠሩት ልጆች ይሻላሉ። ከእነሱም ፊልተሩን አጥቦ እንደጨረሰ የጌጁን (የግፊት መለኪያውን) ቁጥር በማርከር የሚጽፍልህን ያዝ፤ ከዚያ ቁጥር በ0.5 ባር ገደማ ሲጨምር እንደገና መታጠብ አለበት።