የሥራ ዕቅዱን ልፈርም ወይስ ልቆይ?

የተከበራችሁ ወገኖች፣ የዓይኔ ብርሃን እየደከመ በመምጣቱ፣ እዚህ አሜሪካ በምኖርበት ግዛት አካል ጉዳተኞችን ለሥራ ለሚያበቃው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አመልክቼ፣ ሕጉ በሚያዘው 60 ቀን ውስጥ ብቁ ተብያለሁ። ችግሩ የመጣው ቀጥሎ በሚዘጋጀው፣ የሥራ ግቤንና የሚሰጠኝን አገልግሎት በሚዘረዝረው የግል የሥራ ዕቅድ ላይ ነው። የጠየቅሁት አገር ቤት በሠራሁበት የሒሳብ ሙያ ሥልጠናና ጽሑፍ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሆኖ ሳለ፣ አማካሪዬ «የመጋዘን ዕቃ አሻጊ» ብላ ሞልታ እንድፈርም ሰጥታኛለች፤ የካርቶኑን አድራሻ ማንበብ ለማይችል ሰው መሆኑ ነው እንግዲህ። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች የተሃድሶ ሕግ (Rehabilitation Act) የሥራ ግብን በመምረጥ ረገድ ለተገልጋዩ መብት እንደሚሰጥ፣ በየግዛቱም በነፃ የሚያግዝ የተገልጋዮች ድጋፍ ፕሮግራም እንዳለ አውቃለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ አስቀድሞ ለአማካሪዋ አለቃ በጽሑፍ ማመልከት ይሻላል ወይስ በቀጥታ ወደ ድጋፍ ፕሮግራሙ መሄድ? እስከዚያው ሳልፈርም ብቆይስ ፋይሌ ይዘጋብኝ ይሆን?