የክሬን ኪራይ ጉዳይ፦ እስከ ዓርብ መግባት ያለበት የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ለማኅበራችን ብሎኮች ግንባታ ክሬን ለመከራየት ሦስት ፕሮፎርማ ገብቷል። አንዱ ታወር ክሬን፣ ማለትም ሳይቱ ላይ የሚተከለው ረጅሙ፣ በወር ኪራይ። ሌላው ተሽከርካሪ ክሬን ከነኦፕሬተሩ በሰዓት። ሦስተኛው አከራዩ ራሱ አቅዶ፣ በራሱ ሰው አስተባብሮ፣ በራሱ ኢንሹራንስ አንስቶ የሚያስረክብበት ነው። ለጉባኤው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው የሚቀርበው።

ገንዘብ ያዥ፦ የሰዓቱ ይያዝ። ከሦስቱ ዝቅተኛው እሱ ነው። ካዝናው ውስጥ ያለውን ታውቃላችሁ።

የሳይት ተቆጣጣሪ፦ ዝቅ ያለው ያልተደመረ ስላለ ነው። ማምጫና መመለሻው ለብቻው ይከፈላል። ሦስት ሰዓት ብንሠራበትም ሙሉ ቀን ይቆጠራል። ፌሮ የጫነው መኪና ቢዘገይ ክሬኑ ቆሞ ሰዓቱ ይሄዳል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ጋር ቢመጣም የሚሠራው በእኛ ትእዛዝ ነው፤ ዕቃው ቢወድቅ ወይም መሬቱ ቢሰምጥ ተጠያቂው ተከራዩ ነው ይላል ውሉ። እኛ ውስጥ ክሬን ማንሳት የሚያቅድ ማን አለ?

የብሎክ 3 ተወካይ፦ ባነሩስ? ታወር ክሬን ከመጣ የማኅበሩ ስም ክንዱ ላይ ይሰቀል ተብሎ ነበር። ፕሮፎርማው ግን ከአከራዩ ስም ሌላ አይለጠፍም ይላል። ከፍለን የሰው ማስታወቂያ ልንሆን ነው?

የብሎክ 1 አባል፦ ልክ ነው። ስንት ዓመት ስናዋጣ ኖረን ሰው ሁሉ ማኅበሩ ፈርሷል ይለናል። ስማችን ከሩቅ ይታይ።

የሳይት ተቆጣጣሪ፦ ሸራ ንፋስ ይይዛል። ታወር ክሬን ማታ ሥራ ሲቆም ብሬኩ ይለቀቅና ክንዱ ንፋሱን ተከትሎ እንዲዞር ይተዋል። ሸራ ያለቦታው ከተሰቀለ መዞሩ ይዛባል። አምራቹ ካልፈቀደ አይሰቀልም።

የብሎክ 3 ተወካይ፦ አራት ሜትር ሸራ ያን የሚያህል ብረት ይጥላል ልትለኝ ነው?

የሳይት ተቆጣጣሪ፦ ይጥላል አላልኩም። ማንም አላሰላውም ነው ያልኩት።

የብሎክ 1 አባል፦ ሌላ ሳይት ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ባንዲራ ሳይቀር ተሰቅሏል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከጠዋት ጀምሮ ባነር፣ ባነር! የወር ኪራዩን ከየት እንደምናመጣ አንድ ሰው አልጠየቀም።

የብሎክ 3 ተወካይ፦ የአንተ ብሎክ ቀድሞ ስለሚያልቅ ምን ገዶህ። እኛ መሠረት ላይ ነን።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህን ቃል አንሳው። ደረሰኙ ሁሉ ክፍት ነው፣ መጥተህ እየው።

የብሎክ 4 ተወካይ፦ ተዉ እንጂ ልጆች። በዕድሜ እበልጣችኋለሁና ስሙኝ። ክሬኑ የሚያነሳውን ሳናውቅ በምን እንጣላለን?

የብሎክ 3 ተወካይ፦ እሺ ጋሼ። ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው።

የሳይት ተቆጣጣሪ፦ ቅዳሜ ሜትር ይዤ ሄጄ ነበር። ተሽከርካሪው ክሬን መቆም ከሚችልበት ብቸኛ ቦታ እስከ ብሎክ 3 የመጨረሻ ኮለን 28 ሜትር ነው። የ50 ቶን ክሬን 50 ቶን የሚያነሳው ሸክሙ አጠገቡ ሲሆን ነው፣ 3 ሜትር ገደማ ላይ። 28 ሜትር ላይ የሚቀረው ጥቂት ቶን ነው። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ብቻውን 2.4 ቶን ይመዝናል፤ ባልዲውና መንጠቆውም ይደመራሉ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ሚሊሜትር ፌሮ 19 ኪሎ ነው፣ መቶው ሁለት ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የማንሻ ሰንጠረዡ፣ ክሬኑ በየርቀቱ ስንት ቶን እንደሚያነሳ የሚያሳየው፣ ይምጣ። ደግሞ ያ ቦታ ከአሮጌው የፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ ነው። የክሬኑ እግር እዚያ ላይ ካረፈ አለቀልን።

የብሎክ 2 ተወካይ፦ ሰንጠረዡን ነገ እኔ አመጣለሁ። ጉድጓዱ መደፈኑንም አጣራለሁ።

ጸሐፊ፦ ሦስት ቀን ሆነ። ብሎክ 2፣ ምን ተገኘ?

ጸሐፊ፦ ስልኩም አይነሳም። ሌላ የሚሄድ አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ሰንጠረዡ ሳይታይ የሰዓቱን መያዝ አንችልም፤ ታወሩም ይቅር። መሠረቱ፣ መትከያው፣ መንቀያው፣ ለመትከል ራሱ ሌላ ክሬን መጥራቱ አቅማችን አይደለም። ፌሮና ብሎኬት በዊንች፣ በገመድ ስቦ በሚያወጣው ማሽን፣ ይውጣ፤ የየወለሉ ሶሌታ አርማታ በፓምፕ ይሞላ።

የብሎክ 4 ተወካይ፦ የጣሪያው ብረትስ በዊንች ይወጣል?

የሳይት ተቆጣጣሪ፦ አይወጣም። ለእሱ ሁለት ቀን በሦስተኛው ውል ይጠራ። ውድ ነው፣ ግን ዕቅዱም ኃላፊነቱም የእነሱ ነው። መሬቱን ማዘጋጀት ግን በዚያም ውል የእኛ ነው።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ ዊንች እንግዛ፣ አርማታ በፓምፕ፣ ለጣሪያው ብቻ ሁለት ቀን ክሬን። ባነሩ አጥር ላይ።

የብሎክ 1 አባል፦ የተነሳነው ክሬን ልንከራይ ነበር፣ ዊንች መግዛት ከየት መጣ?

የብሎክ 3 ተወካይ፦ አጥር ላይ ከሆነ በበሩ በኩል ይሁን፣ ከመንገድ እንዲታይ። ልኩን እኔ እወስዳለሁ።

የሳይት ተቆጣጣሪ፦ ለልኩ ከሄድክ አይቀር ጉድጓዱንም እየው። ክዳኑ ከብሎኬት ክምሩ ሥር ነው።