ክርክር፦ የዶክተሩ ነገር «ቁስል» ነው ወይስ ንቀት?

ሰማያዊ ሳጥን፦
ትናንት ስለ «ዶክተር ሁ» (መልኩን እየቀየረ በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ሰው የሚተርከው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ) ሲዝን 8 ሲወራ አንዱ «ካፓልዲ የሚጫወተው ዶክተር ወታደር የማይወደው የጊዜው ጦርነት ጥሎበት በሄደው ቁስል ነው እንጂ ንቀት አይደለም» ብሎን ሄደ፤ ሰዉም አጨበጨበለት። ቁስለኛ ሰው ሰውን «የስፖርት መምህር» እያለ ይሰድባል? የቀድሞ ወታደሩ ዳኒ ፒንክ ኮል ሂል ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስተምረው ሂሳብ ነው። ዳኒም ነገረው፣ የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ክላራም ነገረችው። ወታደር የነበረ ሰው ሂሳብ ሊያስተምር ይችላል የሚለው ነገር ግን አልዋጥልህ አለው። ይሄ ቁስል ከሆነ ሰውን ቁልቁል የሚያይ ቁስል ነው።

የጋሊፍሬ ስደተኛ፦
ያልኩት እኔ ነኝ፤ «አንዱ» ከምትለኝ ስሜን ብትጠራ ምን ነበረበት? ጆን ኸርት የተጫወተው ዶክተር ጦርነቱ ውስጥ የገባው ስሙን አውልቆ ነው። ከዚያ ወዲያ ወታደር ባየ ቁጥር የሚታየው ያ ሰው ነው። አሥረኛው ዶክተር እኮ ትውልድ ፕላኔቱን ጋሊፍሬን አቃጠልኳት ባለበት በመጨረሻው ቀን እዚያ የነበሩትን ሕፃናት ቆጥሯል፤ 2.47 ቢሊዮን። ወታደሯን ጆርኒ ብሉን ደግነቷንም ጀግንነቷንም መስክሮላት «ምናለ ወታደር ባልሆንሽ» ብሎ ትቷት ሲሄድ ፊቱን አይታችሁታል? ያ ፊት የናቀ ሰው ፊት ነው?

ሰማያዊ ሳጥን፦
ስለ ቁጥሩ አመሰግናለሁ፤ ለእኔ ነው የሚሠራው። ቁጥሩ የተነገረበት የ2013ቱ የሃምሳኛ ዓመት ክፍል እኮ የሚያልቀው ጋሊፍሬ እንዳልተቃጠለች ታውቆ ነው። ሕፃናቱ ድነዋል። ታዲያ በ2014 የሚያመው የቱ ቁስል ነው?

የጋሊፍሬ ስደተኛ፦
ትሬንዛሎር በምትባል ፕላኔት ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት አንዲት ከተማ ሲጠብቅ አርጅቶ የመጣ ሰው ነው። ቁስል አንድ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ሻምበል ቀለሙ፦
ፊቱን ተወውና ሥራውን ቁጠር። እነ ዶክተሩና ወታደሮቹ ዳሌኩ ውስጥ፣ ብረት ለበሱ ገዳይ ፍጡር ውስጥ፣ ተኮማትረው የገቡ ጊዜ ምን ሆነ? ወታደሩ ሮስ ገመድ ሊያስር ግድግዳው ላይ ተኮሰ፤ የዳሌኩ ፀረ እንግዳ አካላት ለሮስ መጡ። ዶክተሩ አንዲት ነገር አስዋጠው። ሰውዬው ሊያድነው መሰለው፤ ለካ የተዋጠችው ነገር ሬሳው የት እንደሚጣል ማሳያ ነች። ሮስ ተነነ፣ እነሱ ምልክቱን ተከትለው አመለጡ። ቀጥሎ ዶክተሩ ጨረር የሚያፈስሰውን ስንጥቅ በሶኒክ መሣሪያው ደፈነ። ዳሌኩን «ደግ» ያደረገው ግን ያው የሚፈሰው ጨረር ነበር፤ ሲደፈንለት ተሻለውና ወደ ግድያው ተመለሰ። ጥፋቱ የማን ነው? የዶክተሩ። ክላራ ወደ ላይ ወጥታ የዳሌኩን ትዝታ እንድትቀሰቅስ ገመድ ተኩሳ የቀረችው፣ የሞተችውስ? ግሬቸን፣ ወታደሯ።
የወታደር ደም ይስማማዋል፣ ወታደሩ ግን አይስማማውም።

የጋሊፍሬ ስደተኛ፦
ሮስ ያኔውኑ ያለቀለት ሰው ነበር፤ የተረፉትን አዳነበት። ደግሞ «ቁስል» ማለት «ይቅርታ» ማለት አይደለም፤ አላልኩም።

ሰማያዊ ሳጥን፦
አሃ! አሁን ደግሞ «ቁስል ማለት ይቅርታ አይደለም»። እሺ ጌታዬ። ዶክተር አይደል? ባለ መድኃኒት ሆይ፣ ራስህን ፈውስ።

የኦስጉድ መሐረብ፦
ቁስልም ንቀትም አይደለም፤ ጸሐፊዎቹ ለሲዝን 8 ሲሉ የፈጠሩት ነገር ነው። ሦስተኛው ዶክተር ከ1970 ጀምሮ ዩኒት በሚባለው ወታደራዊ ድርጅት ውስጥ የሳይንስ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። የዩኒት አዛዥ ብርጋዴር ሌትብሪጅ-ስቱዋርት የልብ ወዳጁ ነው። ወታደር የሚጠላ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ሻምበል ቀለሙ፦
እህቴ፣ በዚያው በ1970 ብርጋዴሩ የሲሉሪያኖቹን (ከምድር በታች የሚኖሩ ፍጡራን) መኖሪያ አፈንድቶ ሲቀብራቸው ዶክተሩ ምን እንዳለ ተመልሰሽ እዪው። በ2008ም ከሶንታራኖቹ ጋር ባለው ታሪክ ጠመንጃ የያዘ ሰው ለእሱ ብዙውን ጊዜ ጠላት መሆኑን ዩኒት ውስጥ ለምትሠራው ለማርታ ፊት ለፊት ነግሯታል። እዚያው ሲዝን ላይ ከገዛ ሥጋው የተፈጠረችውን ጄኒን እንኳ ወታደር ናት ብሎ ልጄ ለማለት ሲያቅማማ፣ እሷ ናት «አንተስ ስልት ታወጣ የለ፣ ትዋጋ የለ» ብላ ያፋጠጠችው። መልስ አልነበረውም።

አስር አለቃ፦
ሁላችሁም «ወታደር» የምትለው ቃል ላይ ተጣብቃችኋል። ዳኒ የተናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ዶክተሩን ያለው «መኮንን» ነው። ዳኒ ሰርጀንት ነበር። የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ውስጥ አንድ ፕላቱን 30 ሰው ገደማ ነው፤ አዛዡ ከመኮንኖች ማሠልጠኛ ገና የወጣ ወጣት ነው፤ ሰርጀንቱ ምክትሉ ነው። ውጊያ ላይ የፕላቱን ሰርጀንት ዋና ሥራ ጥይት ማድረስና ቁስለኛ ማስወጣት ነው። «እሳቱን የሚለኩሰው እሱ፣ ተሸክሞ የሚያወጣሽ እኔ» ማለቱ ቅኔ እንዳይመስላችሁ፤ የሥራ ድርሻውን ነው የነገራት።
ስኮቮክስ ብሊትዘር የተባለውን የጦር ማሽን ደግሞ እዩ። ዶክተሩ ለማንም ሳይናገር ልጆች የሚማሩበት ግቢ ውስጥ ማሽኑን ወደ ሌላ ዘመን የሚጥሉለትን የክሮኖዳይን ዕቃዎቹን ተከለ። ዳኒ አጠራጥረውት ሰበሰባቸው፤ ማንም ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ነው። በሩ ቢከፈትም ዕቃው ስለጎደለ ማሽኑን ሩቅ ዘመን መጣል አልቻለም፤ በቀናት ውስጥ ተመልሶ መጣ። ጥፋተኛው ማን ተባለ? ዳኒ። በመጨረሻስ ማሽኑ በምን ቆመ? ዶክተሩ የማሽኑ የበላይ አዛዥ መስሎ «ቁም» ብሎ ሲያዝዘው! ኮዱን እስኪያስገባ ጊዜ የገዛለት ደግሞ በማሽኑ ላይ የዘለለው ዳኒ ነው።

የጋሊፍሬ ስደተኛ፦
መምሰልና መሆን ይለያያል። ዳኒም ቅዱስ አልነበረም፤ ወታደር ሳለ ልጅ ገድሏል።

አስር አለቃ፦
ገድሏል፤ ከሞት የሚመልሰውንም አምባር ለዚያው ልጅ ሰጥቶ እሱ ቀረ። 23 የውኃ ጉድጓድ መቆፈሩንም ጨምርበት። የእናንተው ዶክተርስ? ከሞተ በኋላ ሳይበርማን (ስሜት አልባ የብረት ሰው) የሆነው ዳኒ ስሜቱ እንዲጠፋለት ሲለምን «ሕመም ስጦታ ነው» ብሎ ሰበከ። የጠላቱን የሚሲን ዕቅድ ማወቅ የሚችለው የዳኒ ስሜት ሲጠፋ ብቻ መሆኑን ሲሰማ ስብከቱ የት ገባ? ዳኒ እዚያው ነገረው፦ መኮንን እጁን አያቆሽሽም።

የኦስጉድ መሐረብ፦
ሰርጀንት ሰርጀንት አትበል፣ ሃምሳ አለቃ የሚል ቃል አለን እኮ።

አስር አለቃ፦
30 ሰው ላለበት ፕላቱን ሃምሳ አለቃ? ሃያው የት ሄደ?

የኦስጉድ መሐረብ፦
መቶ አለቃስ መቶ ሰው ያዛል እንዴ? በዚህ አቆጣጠር ሻለቃም ሺህ ሰው ይፈልጋል። ደግሞ ጆርኒ ብሉ መቶ አለቃ ናት፤ መኮንን ማለት ናት። ዶክተሩ በታርዲሱ (የጊዜ መጓጓዣው) ይዟት አልሄደም፤ ዳኒም በአንተ ሕግ ይዟት አይሄድም።

አስር አለቃ፦
እሱስ እውነትሽን ነው። ዳኒ ግን ሲያዩት ነው የሚለየው። ታርዲሱ ውስጥ ለዶክተሩ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሲሰጠው ያየ ሁሉ አክብሮት ይመስለዋል። የእንግሊዝ ምድር ጦር ቆብ ሳያደርግ በእጅ ሰላምታ አይሰጥም፤ ዳኒ ደግሞ ባዶ ራሱን ነው። ሰርጀንት ይሄን ያጣዋል? ሆን ብሎ ነው፣ ሊያሾፍበት።

ሻምበል ቀለሙ፦
ወይም ጸሐፊው አያውቅም።

አስር አለቃ፦
ሊያሾፍበት ነው አልኩ።

የጋሊፍሬ ስደተኛ፦
እሺ፤ የሲዝኑ መጨረሻ ላይ ዶክተሩ ለብርጋዴሩ የሰጠው ሰላምታስ? የብርጋዴሩ ልጅ ኬት አባቷ ዕድሜ ልኩን የተመኘው ያንን እንደነበር ነግራዋለች። ብርጋዴሩ ሳይበርማን ሆኖ ሲመጣ ሰላምታውን አገኘ። ይሄ ንቀት ነው?

ሰማያዊ ሳጥን፦
ብርጋዴሩ ከሞተ በኋላ? ለቀብር የደረሰ ሰላምታ ነው።

አስር አለቃ፦
ቆብስ አድርጎ ነበር?

የጋሊፍሬ ስደተኛ፦
የቆብህን ነገር ተወን በናትህ! የጋሊፍሬ ሰው፣ ታይም ሎርድ ነው፤ የእንግሊዝ ምድር ጦር ደንብ ለእሱ ምኑ ነው?

አስር አለቃ፦
የዩኒት አማካሪ አይደል? ወዳጄ፣ ወይ ውስጥ ነው ወይ ውጭ ነው።