ልጆችን ስለ መሳተፍ መብታቸው ስናማክር፦ 60 ልጅ፣ ሦስት ሳምንት

ጥያቄ፦ ከወረዳ ጽ/ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ወረዳችን ልጆች በትምህርት ቤት፣ በቀበሌና በጤና ጣቢያ ጉዳዮች ላይ ሐሳባቸውን የሚሰጡበትን አሠራር በጽሑፍ ሊያወጣ ነው። ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ልጆቹን ራሳቸውን ጠይቁ ተብለናል። ጊዜው ሦስት ሳምንት፣ የታሰበው ቁጥር 60 ልጅ፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17። ከተማውም ገጠሩም አለበት።

ያስቸገረን ይህ ነው። «የመሳተፍ መብት አላችሁ ወይ?» ሲባሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚናገሩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ፖስተር የተሸመደደ ነው። ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚልኩልን ከ1 እስከ 3 የወጡትንና የሕፃናት ፓርላማ አባላትን ነው። አንዳንድ ወላጆችም «መብት መብት እያላችሁ ልጆቻችንን አታበላሹብን» ይላሉ። በአንድ ቡድን ስንት ልጅ ይሁን? ምን ብለን እንጠይቅ? አበልስ ይከፈላል? ሥራውን የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልን።

መልስ 1፦ አወያይ

ከቁጥሩም ከጥያቄውም በፊት ከኃላፊዎ ጋር አንድ ነገር ይጨርሱ፦ በዚህ አሠራር ውስጥ ገና ያልተወሰነው ምንድን ነው? ዝርዝሩን አስጽፈው ይያዙ። የሕፃናት ፓርላማ አባል እንዴት ይመረጥ፣ የሐሳብ መስጫውን ሳጥን ቁልፍ ማን ይያዝ፣ ልጆቹ ከወረዳው ምክር ቤት ጋር በዓመት ስንት ጊዜ ይገናኙ። እነዚህ ክፍት ከሆኑ የሚማከሩበት ነገር አለ። ሁሉም ተቆርጦ ያለቀ ከሆነ ግን ልጆቹ የመጡት ሊነገራቸው መሆኑን በግልጽ ይወቁት፤ ምክክር አይባል። ቀኑንም ይዩ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ገንዘብ የሚፈልግ ሐሳብ ሰኔ ላይ ቢመጣ ዕቅዱ ተዘግቶ ይቆያል፤ ልጆቹ የሚያገኙት መልስም «ለከርሞ» ይሆናል።

አሁን ወደ ቡድኑ። በአንድ ቡድን 8 ወይም 9 ልጅ፣ ከዚያ አይብለጥ። 60 ልጅ 7 ቡድን ይሆናል። ዕድሜውን ከ10–12፣ ከ13–15፣ ከ16–17 ብለው ይክፈሉት። የ10 ዓመት ልጅ ከ17 ዓመት ልጅ ጋር ከተቀመጠ ታላቁ የተናገረውን ይደግማል እንጂ የራሱን አይናገርም። ከ13–15 ያሉትን ሴትና ወንድ ለይተው ቢያወያዩ ይሻላል። ለታናናሾቹ 60 ደቂቃ፣ ለታላላቆቹ መሐል ላይ ከዳቦና ሻይ ጋር 90 ደቂቃ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል፤ አንዱ ያወያያል፣ አንዱ ይጽፋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በቀን ከሁለት ቡድን በላይ አይችሉም፤ ሦስተኛው ላይ ጸሐፊው ማሳጠር ይጀምራል።

ክፍሉ ውስጥ መምህር፣ ርዕሰ መምህር፣ የቀበሌ ሰው አይኑር። ወንበሩን በክብ ይደርድሩት፤ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አይቁሙ። ልጆቹ «ቲቸር» እያሉ እጅ ማውጣት ከጀመሩ ክፍለ ትምህርት ሆኗል ማለት ነው። ያኔ እርስዎም ይቀመጡ፣ ወረቀቱንና ማርከሩን ለእነሱ ይስጡ።

ጥያቄውን በተመለከተ «መብት» የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ አያንሡት። በባቄላ ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ 4 ባቄላ፤ አንድ ለቤት፣ አንድ ለትምህርት ቤት፣ አንድ ለቀበሌ፣ አንድ ለጤና ጣቢያ። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ቆርቆሮ ያስቀምጡ፦ «አልተጠየቅኩም»፣ «ተጠየቅኩ፣ ግን የተለወጠ ነገር የለም»፣ «ተጠየቅኩ፣ የተለወጠም ነገር አለ»። ማንበብ ለሚከብዳቸው ሥዕል ይለጥፉበት። ቆርቆሮው ክዳን ኖሮት ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ይበጅለት፣ ልጆቹም አንድ በአንድ ከሰሌዳ ጀርባ እየሄዱ ይጣሉ። ክፍት ሳህን ላይ ከሆነ ሁለተኛው ልጅ የመጀመሪያውን አይቶ ይከተላል፤ ውጤቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይጎርፋል። ባቄላው ፊት ለፊታቸው ይቆጠር። ጥሩው ወሬ የሚመጣው «ለምን ቀበሌው እንዲህ ባዶ ሆነ?» ሲባል ነው።

ቀጥሎ የታሰበች ልጅ ይስጧቸው። «በዚህ ሠፈር የ12 ዓመት ልጅ አለች እንበል። የትምህርት ቤቷ ሽንት ቤት በር የለውም። ለማን ትናገራለች? ማንን ትፈራለች? ብትናገር ምን ይባላል?» ልጆቹ የራሳቸውን ኑሮ በእሷ ስም ይነግሩዎታል፤ ማንም ልጅ ግን ራሱን አላጋለጠም። «አንተ ምን ደረሰብህ?» ብሎ በጓደኞቹ ፊት መጠየቅ ክልክል ነው።

በመጨረሻ ወደ አሠራሩ ራሱ ይግቡ። ሳጥኑ የት ይሰቀል? ማን ይክፈተው? መልሱ በስንት ቀን ይምጣ? ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት የተሰቀለ ሳጥን ባዶውን ይውላል፤ ማን እንደከተተበት ይታያልና።

መልስ 2፦ የሕግ ባለሙያ

በአጭሩ ስለ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 የራሱን ሐሳብ መፍጠር የሚችል ልጅ ሁሉ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ለሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይላል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ስለ ልጁ ደኅንነት ቅድሚያ ይናገራል እንጂ ልጁ ይደመጥ የሚል ቃል በቀጥታ የለውም። ነገር ግን አንቀጽ 9(4) የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ «ሕጉ የት አለ?» ለሚል ኃላፊ የስምምነቱን አንቀጽ 12ና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 9(4) አንድ ላይ ያሳዩት።

አነስተኛ ዕድሜ አታስቀምጡ። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጠቅላላ አስተያየት ቁጥር 12 አገሮች ለመደመጥ የዕድሜ ወለል እንዳያበጁ ይመክራል። «ከ10 ዓመት ጀምሮ» ማለታችሁ ለዚህ ዙር ሥራ ምቾት ይሁን፤ አሠራሩ ውስጥ ግን እንደ ደንብ አይግባ። ያው ሰነድ የልጆች ተሳትፎ ሊያሟላ የሚገባቸውን 9 መስፈርቶች ይዘረዝራል፤ በፈቃደኝነት መሆኑ፣ አካታችነቱ፣ ከጉዳት የተጠበቀ መሆኑና ተጠያቂነቱ ከእነሱ መካከል ናቸው። ረቂቃችሁን በእነሱ ፈትሹት።

ለወላጆቹ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ያግዛችኋል። አንቀጽ 7 ልጁ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ ልጁ እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ወላጆቹንና ታላላቆቹን የማክበር ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡላቸው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ያደገ አባት፣ ልጁ ይጠየቃል ማለት ልጁ ያዝዛል ማለት እንዳልሆነ ከሰማ አብዛኛው ስጋቱ ይቀላል። ውሳኔው ከአዋቂው እጅ አልወጣም፤ አዋቂው ሰምቶ ይወስናል፣ ለምን እንደወሰነም ይናገራል።

አንድ ስለ ቃል። በሕጉ ከ18 ዓመት በታች ሁሉ ሕፃን ነው፤ የ16 ዓመት ጎረምሳ ግን «የሕፃናት ውይይት» የሚል መጥሪያ ሲደርሰው አይመጣም። «ልጆችና ታዳጊዎች» ብላችሁ ጻፉት። በወጣቶች ፖሊሲው ወጣት የሚባለው ከ15 እስከ 29 ነው። ስለዚህ ከ15–17 ያሉት በሁለቱም በኩል ይቆጠራሉ፤ ለወጣቶች መድረክ ሲጠሩም በ25 ዓመት ሰዎች ተውጠው ይቀራሉ። በእናንተ ዙር ከእኩዮቻቸው ጋር በየዕድሜ ቡድናቸው ይወያዩ።

መልስ 3፦ ማኅበራዊ ሠራተኛ

አመራረጡ ላይ ልጨምር። ለትምህርት ቤቱ «ልጆች ላኩልን» አትበሉ፤ የክፍሉን የስም መዝገብ ጠይቁ። 50 ተማሪ ካለና 5 ልጅ ከፈለጋችሁ፣ ከ1 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ዕጣ አውጡ፤ 4 ቢወጣ 4ኛውን፣ 14ኛውን፣ 24ኛውን፣ 34ኛውን፣ 44ኛውን ትወስዳላችሁ። ፈቃደኛ ያልሆነ ልጅ ካለ የሚቀጥለውን ስም። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ከሁለቱም ፈረቃ ይሁን።

ከ60ው ቢያንስ 15ቱ በመዝገብ ላይ የማይገኙ ልጆች ቢሆኑ ይመረጣል፦ ሊስትሮ፣ ከብት ጠባቂ፣ ቤት ሠራተኛ፣ አካል ጉዳት ኖሮባቸው ቤት የቀሩ። የቤት ሠራተኛ ልጆችን በብዛት የምታገኟቸው በማታ ትምህርት ነው፤ ከትምህርቱ ሰዓት ላይ ግን አትውሰዱባቸው፣ ቀድመው የሚመጡበትን ሰዓት ጠይቁ። ገጠር ላይ የገበያ ቀንንና የአጨዳ ወቅትን ሽሹ። መስማት የተሳነው ልጅ ካለ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ከአንድ ሰዓት ለሚያልፍ ውይይት ሁለት እየተቀያየሩ ይሥሩ፣ አንዱ ብቻውን ይደክማል፣ ትርጉሙም ይቀንሳል።

ስለ ፈቃድ፦ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የወላጅና የልጁ። የወላጁ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰብሰብ፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው እሱ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ብሎ ተነብቦ ምስክር ይፈርም። ልጁ ውይይቱ ሲጀመር እንደገና ይጠየቅ፤ መናገር የማይፈልግበት ጥያቄ ሲመጣ የሚያነሣት ቀይ ወረቀትም ይሰጠው።

አበል አልደግፍም። የቀን አበል እንዳለ ከተሰማ ዝርዝሩ በዘመድ ልጅ ይሞላል። የትራንስፖርት ወጪ በትክክለኛው ልክ ይመለስ፣ ዳቦና ሻይ ይቅረብ። ሠርተው ለሚያድሩት ግን ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ሊስትሮው ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ የሁለት ሰዓት ገቢ ያጣል። ለእሱ ያጣውን ያህል መተካት ተገቢ ነው፤ ወይም ውይይቱን ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት እሱ ባለበት ሠፈር ማድረግ። ሁለተኛው ይሻለኛል፤ ገንዘብ ያልተቀበለ ልጅ «አይመስለኝም» ለማለት አይቸገርም።

ከሁሉ በላይ ጥበቃው። «የምትሉት ሁሉ ሚስጥር ነው» ብላችሁ አትማሉ። «አንድ ልጅ እየተጎዳ መሆኑን ከሰማን ሊረዳ ለሚችል አንድ ሰው እንናገራለን» በሉ፣ ከመጀመሪያው። ልጅ ድብደባ ወይም ጥቃት ቢናገር አወያዩ በረጋ መንፈስ ርዕሱን ያዙርና ሁለተኛው አዋቂ ልጁን ወደ ውጭ ይዞ ይውጣ። ያዳምጠው፣ አይመርምረው፣ «ለምን ቀድመህ አልተናገርክም» አይበለው። የሚተላለፍለት ሰው ስምና ስልክ፣ የጤና ጣቢያውና የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ባለሙያ ጭምር፣ ከመጀመሪያው ውይይት በፊት በወረቀት ተጽፎ በእጃችሁ ይኑር።

ጠያቂው፦ ከወረዳ ጽ/ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ተቃንቶልናል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ፋይናንስ ለዳቦና ለትራንስፖርቱ ስም፣ ዕድሜና ፊርማ ያለበት ዝርዝር ይፈልጋል፤ ኃላፊዎችም ሪፖርቱ ላይ ፎቶ ይፈልጋሉ። ጸሐፊውስ የሰማውን እንዴት ይጻፈው?

መልስ 4፦ አወያይ

የስም ዝርዝሩ ለፋይናንስ ብቻ ይሂድ። በውይይቱ ማስታወሻ ላይ ስም አይኑር፤ «ሴ-13-ለ» የሚል ምልክት ይበቃል፤ ሴት፣ 13 ዓመት፣ ለ ቡድን። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ስቴፕለር አይያያዙ፣ በአንድ ፋይልም አይቀመጡ። ጥፋቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ስለ መምህሩ የተናገረው ከፊርማው ጋር ተያይዞ ተመልሶ ትምህርት ቤት ይገባል። ለፎቶው የባቄላውን ቆርቆሮ፣ ልጆቹ የሠሩትን ሥዕል፣ ከጀርባ የተነሡ እጆችን አንሡ። ፊትና ስም አንድ ገጽ ላይ አይገናኙ።

ጸሐፊው ልጁ ያለውን በልጁ ቃል፣ በተናገረበት ቋንቋ ይጻፍ። ልጅቷ «መምህሩ ሲቆጣ የማስበው ነገር ይጠፋብኛል» ካለች እንዲሁ ይቀመጥ። «የመምህራን የአቀባበል ክፍተት ተስተውሏል» ብሎ ወደ ቢሮ አማርኛ ከቀየረው መፍትሔው ስብሰባና ሥልጠና ይሆናል፤ የልጅቷ ቃል ግን ምን መለወጥ እንዳለበት በቀጥታ ያሳያል። ውይይቱ ባለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ አወያዩና ጸሐፊው ተቀምጠው ማስታወሻውን ያስተያዩት። ከሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ቀን አትርፉና ከየቡድኑ ሁለት ልጆች ጠርታችሁ «እንዲህ ብላችኋል፣ ልክ ነው?» በሏቸው።

ሐሳቡን ስትመዝኑ በብዛት ብቻ አትቁጠሩ። ሽንት ቤቱ ለተሽከርካሪ ወንበር እንደማይሆን የሚናገረው ከ60 አንድ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ የሚመዝነውም የእሱ ነው።

መልሱ በአንድ ወር ውስጥ ይመለስላቸው፣ አንድ ገጽ፣ ሦስት ዓምድ፦ ያላችሁት፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ። «አልተቀበልነውም፣ ምክንያቱም ዘንድሮ በጀት አልተያዘለትም፣ በጥር ይታያል፣ የሚያየውም የእገሌ ክፍል ነው» ተብሎ ከተጻፈ ልጆቹ ይረዱታል። «በቀጣይ ይታያል» ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ስትጠሯቸው አይመጡም። በትምህርት ቤት ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሊነበብ ይችላል። ለሊስትሮዎቹና ለማታ ተማሪዎቹ ግን ያወያያቸው ሰው ራሱ እነሱ ወዳሉበት ሄዶ ያንብብላቸው፤ ሰልፉ ላይ የተነበበው እነሱ ዘንድ አይደርስም።