በቴሌግራም ያወጣኋቸውን ወጎች በራሴ ወጪ ላሳትም ነው፤ ስንት ቅጂ ይበቃኛል?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ መብራት ካለ እጽፋለሁ። በቴሌግራም ካወጣኋቸው ወጎች መርጬ 200 ገጽ ያህል አዘጋጅቻለሁ። አሳታሚ ስላላገኘሁ ዕቁብ በወጣልኝ ገንዘብ ላሳትመው ነው። አንድ ማተሚያ ቤት «ከ1000 ቅጂ በታች አያዋጣሽም» አለኝ። እውነት ነው? በነጻ የተነበበን ጽሑፍስ ማን ይገዛል? ግማሹ ደግሞ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ስለሆነ ስልኬ ላይ ስከፍተው ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆንብኛል።

የኅትመት ባለሙያ

ማተሚያ ቤቱ አልዋሸዎትም፤ የነገረዎት ግን የራሱን ሒሳብ ነው። በኦፍሴት ኅትመት ከመጀመሪያው ቅጂ በፊት ፕሌት (የገጾቹ ምስል ያረፈበት የማተሚያ ሰሌዳ) ይሠራል፣ ማሽን ይስተካከላል፣ ቀለሙ እስኪገጥም የሚባክን ወረቀት አለ። ይህ ወጪ 300 ቢያሳትሙም 1000 ቢያሳትሙም ያው ስለሆነ ቅጂው በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ከኪስዎ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ግን አይወርድም፤ ሳይሸጥ የቀረ 700 መጽሐፍ በርካሽ ታትሞ ነበር ማለት ምን ይጠቅማል? በዲጂታል ማሽን 100 ወይም 200 ቅጂ ማውጣት ይቻላል፤ ፕሌት አያስፈልገውም፤ የአንዱ ዋጋ ግን ይወደዳል።

ሁለቱንም በጽሑፍ ያስገምቱ። የወረቀቱ ክብደት በግራም፣ የሽፋኑ ዓይነት፣ ጥረዛው በክር ይሁን በሙጫ ተለይቶ ካልተጻፈ ሁለት ማተሚያ ቤቶችን ማወዳደር አይቻልም። በኦፍሴት ከሆነ አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ስለሚወጣው ከ200 ገጽ ይልቅ ለ16 የሚካፈለው 192 ወይም 208 ይሻላል። ሙሉውን ክፍያ ደግሞ የተጠረዘ ናሙና ሳያዩ አይክፈሉ።

አርታኢ፣ ከሱሉልታ

እኅቴ፣ እኔ የምፈራልሽ ፊደሉን ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ የሚያሳዩ ናቸው፤ ፎንቱ የሌለበት ስልክ ላቲኑን ያወጣዋል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አሁን ሁሉንም ወደዚያ ቀይሪው። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ከቀየርሽ በኋላ ግን ሥርዓተ ነጥቡንና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተመልከቺ፤ ስሕተቱ የሚደበቀው እዚያ ነው።

በተለያየ ዓመት የጻፍሽው ስለሆነ አንዱ ገጽ ላይ «ዓለም»፣ ሌላው ላይ «አለም» ማለትሽ አይቀርም። ኮምፒውተር ሁለቱን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ስለሚቆጥራቸው አንዱን ፈልገሽ ስታርሚ ሌላው ያመልጥሻል። የመረጥሽውን አጻጻፍ በወረቀት መዝግቢና በእሱ ሂጂ። የመጨረሻውን እርማት ለሌላ ሰው ስጪ፤ የገዛ ጽሑፍን ዐይን ሳያነብ ያልፈዋል። ለማተሚያ ቤት የምትልኪው ፒዲኤፍም ፎንቱ የተካተተበት ይሁን።

ጡረተኛ መምህር፣ ከሰበታ

ልጄ፣ በነጻ ተነቧል ብለሽ አትስጊ። «ከመጻሕፍት ዓለም» በሬዲዮ ሲተላለፍ ጆሯችንን ደቅነን ያደመጥነውን ልብ ወለድ በኋላ ገዝተን መደርደሪያ ላይ ያኖርን ብዙ ነን። የሚወዱትን ጽሑፍ በእጅ መያዝ ሌላ ነገር ነው። ብቻ ያልወጡ አዳዲስ ወጎችም ጨምሪበት። በቅጂው ብዛት ግን አልስማማም፤ 100 ቅጂ ለዘመድ አዝማድ ነው፣ ደፍረሽ 1000 አሳትሚ።

መጽሐፍ ሻጭ፣ ለገሃር

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ድፍረቱ የሚከፈለው በእሷ ዕቁብ ነው። እኛ ከአዲስ ጸሐፊ የምንወስደው በአደራ ነው፤ ሲሸጥ እንከፍላለን፣ ያልተሸጠውን እንመልሳለን። እኅቴ፣ ሒሳቡን ከዚህ ጀምሪ፦ ሽፋኑ ላይ 400 ብር ብትጽፊና 35 በመቶው ለአከፋፋይና ለሻጭ ቢሄድ የሚደርስሽ 260 ብር ነው። ማሳተሚያው፣ አርትዖቱና የሽፋን ሥዕሉ ተደምሮ ለአንዱ ቅጂ ከ260 ከበለጠ እያንዳንዱ የተሸጠ መጽሐፍ ያከስርሻል። ለማን፣ መቼ፣ ስንት ቅጂ እንደሰጠሽ አስፈርሚ፤ ወዳጅነት ደረሰኝ አይሆንም። ክረምት ላይም አታውጪው፤ ዝናብ ሲመጣ የመንገድ ሻጭ መጀመሪያ በላስቲክ የሚሸፍነው ማንም የማይጠይቀውን መጽሐፍ ነው። ደግሞስ 1000 መጽሐፍ ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ይሸከምልሻል?

የሕግ ባለሙያ

ባጭሩ፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ የእርስዎ ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥበቃው በሕይወት ዘመንዎና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሆኖም አንድ ሰው ፒዲኤፉን ቢበትነው ማስረጃ ስለሚሆን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይበጃል። አይኤስቢኤን የተባለውን መለያ ቁጥር የሚሰጠው ብዙዎቻችን ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሽፋኑ ከመታተሙ በፊት ያውጡት።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አዳዲሶቹን ወጎች እጨምራለሁ፤ በ1000ው ግን ከሻጩ ጋር ነኝ። በዲጂታል 200 ላስገምት ነው። ከአንባቢዎቼ ገንዘብ አስቀድሜ ብቀበል ነውር ይሆን?

መጽሐፍ ሻጭ፣ ለገሃር

ነውር የለውም፤ ግን አሁን ስም ብቻ መዝግቢ። ገንዘቡን የተጠረዘውን ናሙና ፎቶ ካሳየሻቸው በኋላ ተቀበዪ። «እገዛለሁ» ያለውን ሁሉ አትቁጠሪ፤ በቴሌብር የከፈለውን ቁጠሪ። ከእነሱ የሚተርፈውን 50 ያህል ቅጂ አምጪልኝ፤ አልቆ የሚጠይቅ ከመጣ ደውዬ እነግርሻለሁ።